«ክላሽ ነው» ብቻ አይበቃም፦ በፊልምና በጌም የምናየው መሣሪያ እንዴት ይለያል?

«ወላሂ ክላሽ ነው!»

«አቦ ተወኝ! ኤኬኤም ነው፤ ተጽፎልሃል እኮ!»

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ውስጥ ከቶታል። ሁለት የሰፈር ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ፓብጂ ይጫወታሉ፤ ይጨቃጨቃሉ ማለት ይቀላል። አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ተቀበሉ፣ ጠጋ አድርገው አዩና «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አሁን ዝም በሉ» ብለው መለሱላቸው።

ጋሼ እንዳሉት ሁለቱም ልክ ነበሩ። ኤኬኤም ክላሽ ነው። ክላሽ የተባለ ሁሉ ግን ኤኬኤም አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው ያለው። በየአገሩ ፊልምን ምስል በምስል እያቆሙ ተዋናዩ የያዘው መሣሪያ ምን እንደሆነ፣ የት አገር እንደተሠራ፣ ታሪኩ ይሆናል በተባለበት ዘመን ይኖር እንደነበር የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። እኔም በደብተር ከሚጽፉት አንዱ ነኝ። ባለቤቴ «ፊልሙን መቼ ነው የምታየው?» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መለየትና መመዝገብ ሁለት ሥራ ናቸው። መለየት ዓይን ይፈልጋል። መመዝገብ ደግሞ ሐቀኝነት ይፈልጋል፤ ያየኸውን ካላየኸው ለይተህ መጻፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው።

ከመለየት እንጀምር፤ ለዚህም ከክላሽ የተሻለ መማሪያ የለም፣ ሁላችንም አይተነዋልና። አንድ ቀን ከጋሼ ጋር የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ፊልም እያየን ነበር። የሶቪየት ወታደሮች ናቸው የተባሉ ሰዎች በበረዶ ውስጥ ይሮጣሉ። ጋሼ ሳቅ አሉና «እነዚህ ሩሲያዎች የቻይና መሣሪያ ከየት አመጡ?» አሉ። እንዴት አወቁ አልኳቸው። እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስደው አቆሙት፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው እንደ ቀለበት ከበው ዘጉት። «የቻይናው እንዲህ ነው፤ የፊት ማነጣጠሪያዋ ዙሪያዋን ተዘግታለች።» ከዚያ ጣቶቻቸውን ከላይ ከፈት አደረጉ። «የሩሲያው ግን እንዲህ ነው፤ ሁለት ጆሮ፣ ከላይ ክፍት።»

ፊልሙን አቁሜ አሳደግኩት። እውነትም ተዘግታለች። መሣሪያው ታይፕ 56 የሚባለው የቻይና ቅጂ ነበር። ብዙዎቹ ታይፕ 56ዎች ከአፈሙዙ ሥር ታጥፋ የምትቀመጥ ሹል ሳንጃም አለቻቸው፤ እሷ ከታየች ነገሩ አለቀ። የቻይና መሣሪያ በሩሲያ ወታደር እጅ የገባበት ምክንያት ቀላል ነው። በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ ፊልም ሠሪ ሞስኮ ሄዶ ክላሽ መግዛት አይችልም። ገበያው ላይ የሚያገኘው የቻይናውን፣ ማዲ የሚባለውን የግብፅ ቅጂ ወይም የፊንላንዱን ቫልሜት ነው። ያገኘውን አለባብሶ «ሩሲያ» ይለዋል። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ችግሩ ተቃራኒ ነበር።

ከፊት ማነጣጠሪያዋ ቀጥሎ ዓይን የሚያርፍበት የላይ ክዳኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሠራዊት የተቀበለው የመጀመሪያው ኤኬ ክዳኑ ለስላሳ ነው፤ የመሃል አካሉ በአብዛኛው ከጠጣር ብረት ተፈልፍሎ ስለሚሠራ ከካዝናው በላይ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ጎድጓዳ አለው። በ1959 የመጣው ኤኬኤም ግን ከታጠፈ ቆርቆሮ ተሠራ፤ ቀለለ፣ ረከሰም። ክዳኑ ላይ ቆርቆሮውን የሚያጠነክሩ ሸንተረሮች ወጡ፤ ያ ረጅም ጎድጓዳም ጠፍቶ በጣት የተጫኑት የምትመስል ትንሽ ስርጉድ ቀረች። አፈሙዙም እንደ ሸምበቆ በሰያፍ ተቆርጧል። በፊልም ውስጥ «ኤኬ-47» የሚባለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኤኬኤም ወይም የኤኬኤም ቅጂ ነው። ስሙ ገናና ስለሆነ ሁሉን ጠቅልሎ ይዞታል።

የካዝናው ጉብጠትም ይናገራል። የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39 የሚባለው (ውፍረቱና የቀለሁ ርዝመት በሚሊሜትር)፣ ቀለሁ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ደርድረህ ስታነባብረው መስመሩ ይጎብጣል፤ ካዝናው የሙዝ ቅርጽ የያዘው ለውበት አይደለም። በ1974 የመጣው ኤኬ-74 ግን ቀጠን ያለ 5.45 ሚሊሜትር ጥይት ስለሚጠቀም ካዝናው ቀና ይላል፤ አፈሙዙ ላይም ቱቦ የመሰለ ትልቅ ብረት አለው። ከሩቅም ቢሆን በእነዚህ ሁለቱ ብቻ መለየት ይቻላል። የዩጎዝላቪያው ደግሞ የእጅ መያዣ እንጨቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ የሌሎቹ በአብዛኛው ሁለት ነው። ይህችን አንዴ ካወቅህ በኋላ የትኛውንም ፊልም በሰላም አታይም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የክላሽ ማቀባበያ እጀታ በቀኝ በኩል ነው። በምስሉ ላይ በግራ ካየኸው ብርቅ መሣሪያ አገኘሁ ብለህ አትሩጥ። የወታደሩን ቁልፎችና ከኋላው ያለውን የግድግዳ ጽሑፍ ተመልከት፤ ምስሉ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ይሆናል። ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የጥንቱ ጌም እንዲያውም ክላሹን በግራ እጀታ ሠርቶት ለዓመታት ስንቱን ተጫዋች አሳስቷል። እኔም በልጅነቴ ካየሁት እውነተኛ ክላሽ ይልቅ ጌሙን አምኜ ተከራክሬ አውቃለሁ። ያፍራል ሰው።

የፊልም መሣሪያ ትልቁ ችግር ማለባበስ ነው። አንዳንዱን ማለባበስ ሆን ብለው ያደርጉታል፤ በ1977 የወጣው ስታር ዋርስ የጠፈር ወታደሮቹን ያስታጠቀው ስተርሊንግ በሚባል የእንግሊዝ አጭር አውቶማቲክ ላይ ጥቂት ነገር ለጥፎ ነው። የሃን ሶሎ «ብላስተር» ደግሞ ማውዘር ሲ96 የሚባል በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ የጀርመን ሽጉጥ ነው፤ ላዩ ላይ መነጽር ተገጥሞለታል። አንዳንዱ ማለባበስ ደግሞ ከማጣት ይመጣል። በ1988ቱ ዳይ ሃርድ የወንበዴዎቹ ኤምፒ5 የተባሉ አጭር አውቶማቲኮች ኤችኬ94 የሚባለውን የሲቪል ጠመንጃ አፈሙዝ ቆርጠው ያዘጋጇቸው ናቸው። መዝጋቢ ሁለቱንም ስም ይጽፋል፦ ምን እንደሆነና ምን ሆኖ እንደሚተውን።

የጄምስ ቦንድ ታሪክ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። የቦንድ ሽጉጥ ዋልተር ፒፒኬ እንደሆነ የማያውቅ የለም። በመጀመሪያው ፊልም በ1962ቱ ዶክተር ኖ ተዋናዩ የያዘው ግን ታላቅ ወንድሙ፣ ዋልተር ፒፒ ነበር። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የፒፒኬ አፈሙዝ በ15 ሚሊሜትር ገደማ ማጠሩና እጀታውም አጠር ማለቱ ነው። ያ ፒፒ በ2020 በጨረታ 256 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ከዚህ የባሰው የሁለተኛው ፊልም ማስታወቂያ ነው። ለፎቶው ቀን ሽጉጡን ማምጣት ተረሳ፤ ፎቶ አንሺው የራሱን የአየር ሽጉጥ ሰጠ። ዋልተር ኤልፒ53 ይባላል፤ ለዒላማ መለማመጃ የሚሆን፣ በሞላ የሚሠራ ነገር። ያንን ረጅም አፈሙዝ ይዞ በዓለም ሁሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰላይ የያዘው መጫወቻ ቢጤ ነው። በ2010 ሲሸጥ ከ270 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣ።

የሚነገረውንም ጆሮ ሰጥቶ መመርመር ነው። በ1990ው ዳይ ሃርድ 2 ጀግናው «ግሎክ 7» ስለሚባል ከሸክላ የተሠራ የጀርመን ሽጉጥ ያወራል፤ የአውሮፕላን ማረፊያ መመርመሪያ አያየውም ይላል። ግሎክ 7 የሚባል ሽጉጥ የለም። ግሎክ ኦስትሪያዊ ነው። መያዣው ፕላስቲክ ቢሆንም አፈሙዙና የላይ ተንሸራታቹ ብረት ስለሆኑ መመርመሪያው ያየዋል። በአንድ መስመር ንግግር ይህን ሁሉ መሳሳት ራሱ ችሎታ ነው።

ድምፅም ይዋሻል። ግሎክ ከኋላ የሚታይ መዶሻ የለውም፤ በፊልም ግን አንድ ሰው ግሎክ በደቀነ ቁጥር «ቀጭ» የሚል የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። በተቃራኒው እውነተኛ ድምፅ ብቻውን መሣሪያን የሚያሳውቅበት ጊዜ አለ። ጋሼ ሥልጠና የጀመሩት በአሜሪካው ኤም 1 ነው፤ በንጉሡ ጊዜ። ያ ጠመንጃ ስምንተኛዋን ጥይት ሲተኩስ ባዶው የብረት መያዣ «ጢን!» ብሎ ወደ ላይ ይወረወራል። ጋሼ ወጥ ቤት ሆነው ከሳሎን በቴሌቪዥን ድምፁን ሲሰሙ «ኤም ዋን!» ብለው ይጮኻሉ። እስካሁን አልተሳሳቱም።

ጌሞች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ መሣሪያውን ያሳዩሃል፣ ስሙን ግን ይሰርቁታል። ምክንያቱ የንግድ ስም ነው፤ አምራቹ ፈቃድ ሊጠይቅ ወይም ፍርድ ቤት ሊከስስ ይችላል። በ1997 የወጣው ጎልደንአይ የተባለው የቦንድ ጌም ክላሹን «ኬኤፍ7 ሶቪየት»፣ ፒፒኬውን «ፒፒ7» አለው። ካውንተር ስትራይክ ውስጥ ክላሽ «ሲቪ-47» ነበር። የፓብጂው «ኤም416» የጀርመኑ ኤችኬ416 ነው፤ ከፊቱ ሁለት ፊደል ወድቆ በ«ኤም» ተተካና አዲስ ስም ሆነ። የጌም ኩባንያው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2013 ከአምራቾች ጋር የስም ፈቃድ ውል ማድረግ እንደሚያቆም፣ መሣሪያዎቹን ማሳየት ግን እንደሚቀጥል አስታወቀ። ስለዚህ ጌም ላይ የተጻፈ ስም ማስረጃ አይሆንም። የሰፈራችን ልጅ «ተጽፎልሃል እኮ» ያለው አጋጣሚ ሆኖ ትክክል ወጣለት እንጂ ማስረጃው የተሳሳተ ነበር።

ጥይቱም እንደዚያው። ፓብጂ ውስጥ የኤኬኤሙና የካር98ኬው ጥይት አንድ ነው፤ ከመሬት ያነሳኸውን 7.62 ለሁለቱም ታጎርሳለህ። በእውነቱ ዓለም ካር98ኬ የጀርመን ማውዘር ነው፤ ጥይቱ 7.92 በ57፣ ከክላሹ በጣም የሚረዝም። አንዱን በሌላው ላጉርስ ቢሉ አይገባም። ጌም ሠሪዎቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፤ ተጫዋች አሥር ዓይነት ጥይት ተሸክሞ እንዲዞር ማድረግ ጨዋታውን ይገድለዋል። መዝጋቢው «ተሳስተዋል» ብሎ ሳይሆን «አቅልለውታል» ብሎ ይጽፋል። እኔ በዚህ ቃል ምርጫ ላይ ጥብቅ ነኝ።

ስም ስለመቀየር ካነሳን፣ እኛ ከጌሞቹ እንቀድማለን። ከድሬዳዋ 50 ኪሎሜትር ያህል ወጣ ብላ ያለችው ሐረር በ1880ዎቹ መሣሪያ የሚነገድባት የታወቀች ከተማ ነበረች። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ይዘዋት ነበር፤ የግብፅ ጦር ጠመንጃ የአሜሪካው ሬሚንግተን ነው። ቀድሞ በዚያው በሐረር የቡና ነጋዴ ወኪል የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በኋላ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሸዋ ወጥቶ በ1887 ለምኒልክ ሸጧል። በየዘመኑ በየበሩ የገባውን መሣሪያ አያቶቻችን በራሳቸው ምላስ ሰየሙት። የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ «ውጅግራ» ሆነ። የናፒየር ጦር በ1868 መቅደላ ይዞት የመጣው ስናይደር «ሰናድር» ተባለ። የኦስትሪያው ማንሊከር «ምንሽር»። መትረየስ ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ጌም ሠሪው ስሙን የቀየረው ጠበቃ ፈርቶ ነው፤ አያቶቻችን ምላሳቸው ስላልታጠፈ። የቱ እንደሚበልጥ ለአንባቢ ልተው፤ እኔ ግን «ኬኤፍ7 ሶቪየት» ብዬ የምፎክርበት ቀን አይመጣም።

እነዚህ ስሞች ለመዝጋቢ ሀብት ናቸው፣ ጦስም ናቸው። «ብሬን» የሚለውን ውሰድ። እውነተኛው ብሬን የቼክን ንድፍ ይዞ እንግሊዝ የሠራው መትረየስ ነው፤ ጎባጣ ካዝናው ከላይ የተተከለ፣ በአንድ እይታ የሚለይ። ዛሬ ሰው «ብሬን» ሲልህ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳይህ ጥይቱን በሰንሰለት የሚጎርሰውን የሶቪየት ፒኬ ነው። ስሙ ቀረ፣ መሣሪያው ተለወጠ። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለኝ፦ አንዱ «መሣሪያው»፣ ሌላው «ሰው የሚጠራው»።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ፊልም ሠሪ ምን ያደርግለታል? የታሪክ ፊልም ሲሠራ ያድነዋል። የዐድዋን ጦርነት እንውሰድ። ጣሊያን በ1891 ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ ቢቀበልም፣ በ1896 ዐድዋ ላይ ወታደሮቹ የያዙት የቆየውን 10.4 ሚሊሜትር ቬተርሊ ነበር። ካርካኖው እኛን የተዋጋው በኋላ፣ በ1935 ነው። ስለዚህ የዐድዋ ጣሊያን ካርካኖ ይዞ ከታየ ስህተት ነው፤ አርባ ዓመት ያህል ዘለለ። በእኛ በኩል ውጅግራ ትክክል ነው፤ ግን ውጅግራ አንድ ጎራሽ ነው። ተኩሶ፣ ከፍቶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ አጉርሶ፣ ዘግቶ ነው እንደገና የሚተኮሰው። ተዋናዩ ሳያጎርስ አከታትሎ አምስቴ ከተኮሰበት የተሳሳተው መሣሪያው ሳይሆን አዘጋጁ ነው። ባሩዱም ጥቁር ባሩድ ስለሆነ እያንዳንዱ ተኩስ ነጭ ደመና መልቀቅ አለበት፤ ጢስ የሌለው የውጅግራ ጦርነት ለእኔ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው። በዚህ የምንስቀው በራሳችን ብቻ እንዳይመስለን፤ የሆሊውድ ካውቦዮች በ1870ዎቹ ታሪክ ውስጥ ዊንቸስተር 1892ን ሲተኩሱ ስንት ዘመን ኖረዋል። ስሙ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎ!

አሁን ወደ መመዝገቡ። አንድ ግቤት ከደብተሬ እንዳለ ላሳይ፦

«41ኛ ደቂቃ፣ በር ላይ የቆመው ጠባቂ። የክላሽ ቤተሰብ። ክዳኑ ሸንተረር አለው፣ ስለዚህ ኤኬኤም ወይም ቅጂው። አፈሙዙ በምሰሶው ተሸፍኗል፤ የፊት ማነጣጠሪያ አልታየም። አገሩ ያልተወሰነ። 43ኛ ደቂቃ ላይ ሲወድቅ መሣሪያው ታጠፈ፤ ጎማ ነው።»

የመጨረሻዋ መስመር አታስቅ። ተዋናይ የሚወድቅበት፣ ከፈረስ የሚዘልበት ትዕይንት ላይ የሚያዘው በቅርጽ የተቀዳ የጎማ ምስል ነው። ቀረብ ብሎ ሲተኮስ ግን እውነተኛው ይመጣል፤ የሚጎርሰው አረር የሌለው ጥይት ነው፣ ባሩድ ብቻ ያለው። እዚህ ላይ አንድ የአሠራር ጉዳይ አለ። ክላሽን የመሰለ መሣሪያ ራሱን የሚያቀባብለው በባሩዱ ጋዝ ግፊት ነው። ከፊት የሚገፋ አረር ከሌለ ጋዙ በአፈሙዙ በቀላሉ ይወጣና ግፊቱ አይበቃም፤ አንዴ ተኩሶ ይቆማል። ስለዚህ የአፈሙዙን ቀዳዳ በውስጥ በኩል ያጠቡታል። በትልቁ ስክሪን ላይ አፈሙዙ ወደ ካሜራው ሲዞር የተደፈነ ወይም መርፌ ቀዳዳ የሚያክል ካየህ፣ ያየኸው እሱን ነው። አዳዲሶቹ ፊልሞች ብዙ ጊዜ እሳቱን በኮምፒውተር ይስሉታል፤ ያኔ አንዳንዴ ቀለህ ሲወረወር አታይም፣ የተኳሹም ትከሻ አይነቃነቅም።

በቅርቡ ከሁለቱ ልጆች አንዱ አንድ የቤተሰብ ፎቶ በስልኩ አንስቶ መጣ። የቅድመ አያቱ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ የተበላ። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ጠመንጃው ትከሻቸው ላይ ነው፤ መሃሉን ግን ጋቢው ሸፍኖታል። የሚታየው የአፈሙዙ ጫፍና ሥሩ ያለው እንጨት ብቻ።

«ካር98ኬ ነው አይደል?» አለ ልጁ።

ጋሼ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። «ቤተሰቡ ምን ይለዋል?»

«እማማ ውጅግራ ነው የምትለው።»

ጋሼ እኔን አዩኝ። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ፦ «አሮጌ ጠመንጃ። መሃሉ በጋቢ ተሸፍኗል፣ አልተለየም። ሰው የሚጠራው፦ ውጅግራ።» ልጁ በትከሻዬ በኩል አነበበና «እና ምንድነው በቃ?» አለኝ። ጋቢውን በጣቴ አሳየሁት።